ዋናው የትኛው ነው?

እዚህ ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ሰፈር፣ አበሻ ከአበሻ ሲገናኝ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ያው ነው፤ «አገር ቤት መቼ ትገቢያለሽ?» ጠያቂው ራሱ እዚሁ ወልዶ ከብዷል፤ ልጆቹም ከአማርኛው ይልቅ የናይሮቢ ልጆች ቋንቋ ሼንግ ይቀናቸዋል። ጥያቄው ግን አንድ እምነት አዝሏል፤ ዋናው ኑሮ እዚያ ነው፣ ይህኛው ግልባጩ ነው የሚል። እኔ ይህን እምነት መጠርጠር የጀመርኩት ኅትመት መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ ነው። የመጽሐፉን አይደለም። እንጨት፣ ብረት ወይም ካርቶን ላይ ጭረው፣ ቀለም ቀብተው፣ ወረቀት ላይ ተጭነው የሚያወጡትን የሥዕል ዓይነት ማለቴ ነው።

ከአንድ ፕሌት፣ ማለትም ከተጫረው ሰሌዳ፣ አሥር ወረቀት የታተመ እንደሆነ ሠዓሊው ከሥሩ በእርሳስ 1/10፣ 2/10 እያለ ይጽፍና ይፈርማል። ከአሥሩ «ዋናው ይሄ ነው፣ ሌሎቹ ኮፒ ናቸው» የሚባል የለም፤ ዘጠነኛውም እንደ መጀመሪያው ዋና ነው። ፕሌቱ ራሱ ደግሞ ሥዕሉ አይደለም፤ ቀኙ ግራ ሆኖ የተገለበጠ ነገር ነው። የተባለው ቁጥር ታትሞ ሲያበቃም ብዙ አታሚዎች ማንም እንዳይደግመው ፕሌቱን በጭረት ይሰርዙታል። እኔና ወንድሞቼ አንዳችን አዲስ አበባ፣ አንዳችን ሚኒያፖሊስ፣ አንዳችን እዚህ ነን፤ ከአንድ ቤት የወጣን፣ እያንዳንዳችን ዋና የሆንን ኅትመቶች ነን ብል አልተሳሳትኩም። አንዱ ላይ ቀለሙ ደምቋል፣ ሌላው ላይ ሳሳ ብሏል። በ2016 ዓ.ም የአዲስ አበባ ፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ሲፈርስ ቪዲዮውን እዚህ ሆነን ያየን ሰዎች ፕሌቱ ሲሰረዝ ነው ያየነው። ያ ሰፈር አሁን ያለው ከእሱ በወጡ ሰዎች ላይ ነው።

ኪሊማኒም ብትሆን የምትጨበጥ ሰፈር አይደለችም። ከያያ ሴንተር ወረድ ሲሉ፣ በአርግዊንግስ ኮዴክ መንገድ ግራና ቀኝ፣ ሰፊ ግቢ ያላቸው የድሮ ቪላዎች አንድ በአንድ እየፈረሱ ፎቅ ሆነዋል። መንገዱ የተሰየመለት ሰው ኬንያዊ ጠበቃና ፖለቲከኛ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1969 የሞተው በዚሁ መንገድ ላይ በደረሰ የመኪና አደጋ ነው። ከዚያ ወደ ሊኮኒ ክሎዝ ገባ ካላችሁ ኩዎናን ታገኛላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1995 በብሔራዊ ሙዚየሙ ግቢ የተጀመረ፣ ቦታ ሲቀያይር ቆይቶ እዚህ ያረፈ የሠዓሊዎች ግቢ ነው። ናይሮቢ የኅትመት ሰው አታጣም። እነ ፒተርሰን ካምዋዚ በእንጨት ቅርጽ ያተሟቸውን በሬዎች ያየ ሰው ፖለቲካን ያለ አንድ መፈክር መናገር እንደሚቻል ይገባዋል።

የእኛም ታሪክ ከዚህ የራቀ አይደለም። አለ ፈለገ ሰላም ባቋቋሙት የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1966 ሀንሰን ባሂያ የሚባል ጀርመናዊ የእንጨት ቅርጽ ኅትመት አስተምሯል። ሰውዬው ብራዚልን አገሬ ብሎ የባሂያን ስም ከስሙ ጋር ያጣበቀ ስደተኛ ነው። ከእሱ እጅ ከተማሩት አንዱ ዘሪሁን የትምጌታ ናቸው፤ በኋላ ሸማኔ የሚጠቀምበትን ቀርከሃ እያጋጠሙ እላዩ ላይ መሳል ያመጡ። አገሩን የቀየረ ሰው አስተምሮ አገሩን የሚያሳይ ሠዓሊ ማፍራቱ ሁሌ ይገርመኛል።

እኔን ከሁሉም በላይ የያዘኝ ግን የሠዓሊዋ የጁሊ ምሕረቱ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 አዲስ አበባ ተወልዳ በ1977 ከቤተሰቧ ጋር ወደ ሚሺጋን ሄደች። እ.ኤ.አ. በ2016 ኮፐንሃገን በሚገኘው የኒልስ ቦርክ የንሰን ማተሚያ «ኤፒግራፍ፣ ደማስቆ» የተባለውን ሥራ አሳተመች፤ ስድስት ወረቀት ጎን ለጎን ሲቆም ከ5 ሜትር በላይ ይረዝማል። ከሥር የደማስቆ ሕንፃዎች የአርክቴክት ንድፍ አለ፤ መስኮቱ፣ ዓምዱ፣ ጣሪያው፣ ሁሉም ደብዘዝ ብሎ። ከላይ የብሩሽ ጭረት እንደ ጭስ ተግተልትሎበታል። ቀረብ ብሎ ላየው ጭሱ ሕንፃውን አላጠፋውም፤ ሁለቱም እዚያው ወረቀት ውስጥ አሉ። የአዲስ አበባ ልጅ ለሌላ ሰው ከተማ እንዲህ አዝና ማየቴ ስለ አገር ከተሰበኩት ብዙ ስብከት ይበልጥብኛል። በዚያው ዓመት ሥራዎቿ አዲስ አበባ፣ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል ቀርበው ነበር።

እኔ ማተሚያም ስቱዲዮም የለኝም። ያለኝ የኩሽና ጠረጴዛ፣ ሮለርና የእንጨት ማንኪያ ነው። የረጅም ጊዜ ወተት ካርቶን ከፍቼ አጥበዋለሁ፤ ውስጡ የሚያብረቀርቅ ነው፣ በመርፌ ሲጭሩት መስመሩ ቀለም ይይዛል፣ ሽፋኑን የላጡት ቦታ ደግሞ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ይህ በዓለም ዙሪያ ማተሚያ የሌላቸው ሰዎች የሚሠሩበት ዘዴ ነው፤ የእኔ ፈጠራ አይደለም። አንድ ቀን ግን ካርቶኑን ትቼ የእናቴን ያረጀ ነጠላ ጫፍ ቀለም ቀብቼ ወረቀት ላይ አስተኛሁትና በማንኪያው ጀርባ አሸሁት። የጥለቱ ቀለም ጠፍቶ ክሩ ብቻ ቀረ፤ ወፍራሙ ፈትል ጠቁሮ፣ ስሱ ሸማ እንደ ወንፊት ፈዝዞ። ጥግ ላይ ደግሞ ለዓመታት ስለብሰው ያላየሁት ጠቆር ያለ ቋጠሮ ወጣ። እናቴ የጠቀመችው ቀዳዳ ነው። ዓይን ያላየውን ጫና አየው።

ስለዚህ ነው በየባሕር ማዶው ኤግዚቢሽን የሚሰቀለው ጀበና፣ ጎጆና ላሊበላ የሚሰለቸኝ። ክፉ አይደለም፤ ይሸጣል፣ እኔም ሳሎኔ ውስጥ አንድ አለኝ። ነገር ግን ጀበና መሳል አገርን መጥቀስ ነው። ኅትመት አገሩን ሳይነካ አይሆንለትም፤ እቃው ራሱ ወረቀቱን መጫን አለበት። ኮሪያዊው አርቲስት ዶ ሆ ሱ ያደረገውም ይኸው ነው። ሴኡል ያለውን የወላጆቹን ቤት ዙሪያውን በወረቀት ሸፍኖ በግራፋይት እያሸ ግድግዳውን፣ በሩን፣ የጣሪያውን ጠርዝ ሁሉ አወጣ። ቤቱን አልሳለውም፣ ዳሰሰው።

ኪሊማኒ፣ ሃርሊንግሃምና ኪሌሌሽዋ ላላችሁ፦ ቅዳሜ ከሰዓት ቡና አፈላለሁ። ከቤት ያመጣችሁት ነገር ካለ ይዛችሁ ኑ፤ የተሰነጠቀ የገበታ ክዳን፣ ያረጀ ወንፊት፣ የሰሌን ቁራጭ፣ የአሮጌ ቀሚስ ጥለት፣ የፈረሰ ቤት የበር ቁልፍ ቢሆን እንኳ። የእናታችሁን አዲስ ነጠላ ግን አደራ እንዳታመጡ፤ ቀለሙ የዘይት ነው፣ ኦሞም አያስለቅቀውም፣ በኋላ ከእሷ ጋር የምትጣሉት እናንተ ናችሁ።