ሾፌሩና ረዳቱ

ባለፈው ክረምት ከዳላስ እስከ ዴንቨር ድረስ የኪራይ ተሳቢ በፒክአፕ ጎትቼ ሄድሁ። መንገዱ 1,270 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። «ይህስ ምን የሚጻፍ ነገር ሆኖ ነው? በአሜሪካ ዕቃውን እየጎተተ ከከተማ ከተማ የሚዞረው ሰው ስንት ነው!» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል፤ አልፈርድበትም። ይሁን እንጂ እኔ የአርት ፋኩልቲ ተማሪ ነኝ፤ ማንበብ ሥራዬም ኩራቴም ነው። በዚያ መንገድ ላይ ግን አንዲት ገጽ ሳላነብ በመቅረቴ ራሴንና አንድ ሽማግሌን ለአደጋ አድርሼ ነበርና፥ ነገሩን ሳላሳምር ለጓደኞቼ ልንገር።

ሽማግሌው የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። በወጣትነታቸው ኤንትሬ በሚባለው የፊያት ከባድ መኪና ላይ ረዳት ሆነው ሥራ ጀመሩ፤ በኋላም ሾፌር ሆነው ተሳቢ እየጎተቱ ከአዲስ አበባ አሰብ፥ ከአሰብ አዲስ አበባ ሲመላለሱ ኖሩ። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሥቶ የአሰብ መንገድ ሲዘጋ የአገሩ ጭነት ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ እሳቸው ግን ብዙም ሳይቆዩ ዲቪ ደርሷቸው ወደ አሜሪካ መጡ። በዳላስ ከሃያ ዓመት በላይ ታክሲ ነድተዋል። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ነበሩ። ቀጥሎም ግላኮማ የሚሉት የዐይን በሽታ ያዛቸውና መንጃ ፈቃዳቸውን አስረከቡ። ዴንቨር አጠገብ አውሮራ የምትኖረው ልጃቸው «ከእንግዲህ ብቻህን አትኖርም፤ ና» አለቻቸው። ዕቃ አለ፥ ፒክአፕ አለ፤ ሾፌር ግን የለም። ዕጣው በእኔ ላይ ወደቀ።

ተሳቢን በአንድ ከተማ ተከራይቶ በሌላ ከተማ ማስረከብ በአሜሪካ የቆየ ልማድ ነው። ልማዱን ካስፋፉት ዋነኛው ዩ-ሆል የተባለው ድርጅት ሲሆን የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1945 ነው፤ ከባሕር ኃይል የተሰናበተ ሊዮናርድ ሾን የሚባል ወጣት ከባለቤቱ ጋር የጀመረው ነው። ዛሬ አከራዩ ብዙ ነው። እኛም ከአንዱ ዘንድ 5 ጫማ በ8 ጫማ የሆነ፥ ክዳን ያለውና በአንድ አክስል በሁለት ጎማ የሚቆም ተሳቢ ያዝን። አከራዩ መብራቱን ሞከረልኝ፤ የፒክአፑ የብረት ኳስ ከተሳቢው አፍ ጋር ልክ መሆኑን አየ፤ ሁለቱን ሰንሰለቶች ከማያያዣው በታች አጠላልፎ አሰረ፤ ከዚያም አንድ የታተመ ወረቀት ሰጥቶ «ሳትጭን አንብበው» አለኝ። ወረቀቱን አጥፌ ከጋቢናው ኪስ ውስጥ ከተትሁት።

መጫኑን ለብቻዬ ሠራሁት። ጋሼ ቤት ውስጥ ከጎረቤቶቻቸው ጋር የስንብት ቡና ይጠጡ ነበር፤ እኔም እንዳይደክሙ ብዬ አልጠራኋቸውም። ፍራሹንና ሶፋውን ወደ ፊት፥ የልብሱን ካርቶን ወደ መካከል አደረግሁ። ከባድ ከባዱን፥ ማለት የብረት መሣሪያ ሣጥናቸውን፥ ምጣዱን፥ የጤፍ ዱቄቱን ከረጢት፥ የሟች ባለቤታቸውን የስፌት መኪና፥ ሁሉንም በር አፍ ላይ ደረደርሁ። ስንደርስ ከባዱን ቀድመን ብናወርድ ይቀላል ብዬ ነው። በራሴ ብልሃት ደስ ብሎኝ ነበር።

ጋሼ ወጡ። ተሳቢውን ዞሩት፤ እንደ ፈረስ በእጃቸው ዳሰሱት። ሰንሰለቱን በጣታቸው ተከትለው መጠላለፉን አረጋገጡ። ከዚያ የፒክአፑን ኋላ በመዳፋቸው ጫን አሉትና ዝም ብለው ቆሙ።

«ልጄ፥ ይኸ ኋላው ከብዷል። ፒክአፑ ላይ ምንም አልተቀመጠበትም። አውርደን እንደገና እንጫነው» አሉኝ።

እኔም፥ አሁን ስጽፈው የሚያሳፍረኝን፥ እንዲህ አልኋቸው፤ «ጋሼ፥ የእርስዎ ተሳቢ በፊትም በኋላም ጎማ ያለው፥ በራሱ እግር የሚቆም ነበር። ይኸኛው ሌላ ነው። ክብደቱም ከተፈቀደው በታች ነው፤ አያስቡ።»

እሳቸውም «እንግዲህ መሪውን የያዝኸው አንተ ነህ» ብለው ወደ ጋቢናው ገቡ። ጎረቤቶቹ ድፎ ዳቦ በመስኮት አቀበሉን፤ አለቀሱ፤ ሄድን።

ከፎርት ዎርዝ በኋላ መንገድ 287ን ይዘን ወደ ሰሜን ምዕራብ ወጣን። ዊቺታ ፎልስን አለፍን። አገሩ ሜዳ ነው፤ የጥጥ እርሻ፥ የንፋስ ወፍጮ፥ ከዚያ ደግሞ ሜዳ። ተሳቢው ከኋላ መኖሩን ረሳሁት፤ በሰዓት 70 ማይል፥ ማለት 112 ኪሎ ሜትር ያህል እሄድ ጀመር። ጋሼ አንዴ «ፈጠንህ» አሉኝ፤ «ሁሉም እንዲህ ነው የሚሄደው» ብዬ መለስሁ።

ክላረንደን ከምትባል ትንሽ ከተማ ሳንደርስ፥ ለስለስ ባለ ቁልቁለት ላይ፥ አንድ ረጅም የጭነት መኪና በግራችን አለፈን። ንፋሱ መታን። በመጀመሪያ የተሰማኝ ወንበሬ ወደ ጎን ገፋ እንዳደረገኝ ያህል ነበር። በስፖኪዮው ስመለከት ተሳቢው በግራ በኩል ብቅ አለ፤ ጠፋ፤ በቀኝ በኩል ብቅ አለ። ሁለተኛው ውዝዋዜ ከመጀመሪያው በለጠ፤ ሦስተኛው ከሁለተኛው በለጠ። እኔ ነድቼ የማላውቀው አውሬ ጭራዬን ይዞ ያወዛውዘኝ ነበር። እግሬ ወደ ፍሬኑ ሄደ።

«ፍሬኑን ተው!» አሉ ጋሼ። እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላቸው አላውቅም ነበር። «ፍሬኑን ተው! እግርህን ከነዳጁ ላይ አንሣ! መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝ፤ አትከተለው!»

አልተከተልሁትም። በጣም የከበደኝ ይህ ነበር፤ ተሳቢው ወደ ግራ ሲስብ እጄ ወደ ቀኝ ልዙር ይላል። ግን መሪውን ቀጥ አድርጌ ያዝሁ። ፍጥነቱ በራሱ ጊዜ ወረደ፤ 60 ሆነ፥ 50 ሆነ፤ ውዝዋዜውም እየጠበበ ሄዶ ቆመ። ከመንገዱ ወጥቼ አቆምሁ። እጄ ከመሪው አልላቀቅ አለኝ። ጋሼ የውሃ ጠርሙስ ከፍተው ሰጡኝ እንጂ አንዲት ቃል አልተናገሩም።

በዚያን ጊዜ ወረቀቱን ከኪሱ አወጣሁት። ከጭነቱ ከመቶ 60 እጁ ከተሳቢው ወገብ ወደ ፊት ይሁን ይላል። ከ55 ማይል በላይ አትሂድ ይላል። ተሳቢው ቢወዛወዝ እግርህን ከነዳጁ አንሣ፥ መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝ፥ ፍሬን አትምታ ይላል። ቃል በቃል ተርጉሜ ለጋሼ አነበብሁላቸው። አዳመጡኝና ሳቅ አሉ።

«እንዴ! ወረቀቱም ያውቃል ማለት ነዋ» አሉ።

ማንበብ የሚችለው ሰው አላነበበም፤ ማንበብ ያቃተው ሰው ግን በመዳፉ አንብቦት ነበር።

ከዚያ በዝግታ እየተጎተትን ወደ አንድ የመንገድ ማረፊያ ደረስንና ሁሉንም አወረድን። የሐምሌ ፀሐይ ነው። የአንድ ሰው ኑሮ በሙሉ በሲሚንቶ ላይ ተዘርግቶ ሲታይ እንዴት ትንሽ ነው! ሶፋው፥ ምጣዱ፥ የስፌት መኪናው፤ ከመሣሪያ ሣጥኑ ውስጥም በላስቲክ የተጠቀለለ የድሮ መንጃ ፈቃድና ጋሼ ከኤንትሬያቸው ፊት እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው የተነሡት ፎቶግራፍ። የሚያልፉ ቱሪስቶች ያዩን ነበር። እኔ አፈርሁ፤ እሳቸው አላፈሩም። ካርቶን ላይ ተቀምጠው ያዝዙ ጀመር።

ያስረዱኝም ይህን ነው። ባለ አንድ አክስል ተሳቢ እንደ ሚዛን ነው፤ ኋላው ሲከብድ አፉ ወደ ላይ ይነሣል፥ የፒክአፑንም ኋላ ያነሣዋል፤ የፒክአፑ የኋላ ጎማዎች መንገዱን ጨብጠው ካልያዙ ደግሞ ተሳቢው እንደ ፈለገ ይሄዳል። ከጠቅላላው ክብደት ከመቶ ከ10 እስከ 15 ያህሉ በኳሱ ላይ መቀመጥ አለበት፤ ቢበዛ የፒክአፑ ፊት ቀልሎ መሪው ይስታል፥ ቢያንስ እኔ ያየሁት ይመጣል። ስለዚህ «ይኸኛው ሌላ ነው» ያልሁት እውነት ነበር፤ ግን የሚያሳርፍ እውነት ሳይሆን ይልቁን የሚያስፈራ እውነት ነበር። በተጨማሪም ይህ ተሳቢ የራሱ ፍሬን የለውም፤ እሱንም ማቆም የፒክአፑ ዕዳ ነው።

የስፌት መኪናውንና የመሣሪያ ሣጥኑን ከአክስሉ ፊት አኖርን፤ ጤፉን በግራና በቀኝ እኩል አካፈልን፤ ፍራሹ ወደ በሩ ሄደ። ሁሉንም በገመድ አሰርን። ጋሼ የፒክአፑን ኋላ እንደገና ጫን አሉት። «አሁን ተቀምጧል» አሉ።

«ለምን ጠዋት አላስገደዱኝም?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ረዳት ይናገራል እንጂ አይነዳም» አሉኝ። «እኔ አሁን ረዳት ነኝ። ደግሞ ሰው ካልሰማ ሁለት ጊዜ መናገር ደስ አይለኝም። ይኸ የኔ ጥፋት ነው፤ በታርማበር መንገድ እንዲህ ዝም ስል አንድ ጓደኛ አጥቻለሁ።» ሌላ አላብራሩም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ያን ሌሊት አማሪሎ አደርን። በማግሥቱ በዳልሃርትና በክሌይተን በኩል ወደ ኒው ሜክሲኮ ገባን። ከ55 ማይል አላለፍሁም፤ የቀደመኝ ሁሉ ይቅደመኝ አልሁ። ጋሼ በየጊዜው «ምን ይታያል?» ይሉኛል፤ እነግራቸዋለሁ። የከብት ማደለቢያውን ግን በሽታው እሳቸው ቀድመው አወቁት። ካፑሊን የሚባለውን የጠፋ እሳተ ገሞራ ስነግራቸው «ጥቁር ድንጋይ አለው?» አሉ፤ አለው አልኋቸው። «እንግዲህ የአፋር አገር ዘመድ ነው» አሉና ስለ ሚሌ ሙቀት፥ ስለ ባቲ ገበያ እያወሩ ብዙ መንገድ ሄድን።

ከራቶን ከተማ በላይ ያለው መተላለፊያ 2,388 ሜትር ከፍታ አለው፤ ከአዲስ አበባ ጋር የሚተካከል ነው ማለት ይቻላል። ዳላስ ግን ከባሕር ወለል 130 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ያለ ነው። አቀበቱን ከከባድ መኪናዎች ጀርባ በቀኝ ረድፍ በቀስታ ወጣን። ጫፉ ላይ ኮሎራዶ ይጀምራል፤ ከዚያ ቁልቁለቱ እስከ ትሪኒዳድ ነው። ጋሼ ዐይናቸውን ጨፍነው ሞተሩን ያዳምጡ ነበር።

«አሁን፥ መውረድ ሳትጀምር፥ ማርሹን ቀንስ» አሉኝ። «አቀበቱን በወጣህበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ። ፍሬን ላይ ተኝተህ አትውረድ፤ ይግልና ይከዳሃል። ሞተሩ ይያዘው። ሲያስፈልግ ነካ አድርገህ ልቀቅ።»

መኪናው ኦቶማቲክ ቢሆንም ማርሹን በእጅ ማውረድ ይቻላል። ሞተሩ ጮኸ፤ ፒክአፑ ግን ራሱን ገታ። ተሳቢውም ከኋላ ቀጥ ብሎ፥ ሳይገፋ ሳይጎትት፥ ተከተለን። ከትሪኒዳድ በላይ የፍሬን ሽታ ሸተተን። ደነገጥሁ። «የኛ አይደለም፤ የፊተኛው ነው» አሉ ጋሼ ዐይናቸውን ሳይገልጡ።

አውሮራ የደረስነው ሲመሽ ነው። የልጃቸው ቤት በር ጠባብ ስለ ነበር ተሳቢውን በኋላ ማርሽ ማስገባት ግድ ሆነ። አጭር ተሳቢ ከረጅሙ ይልቅ ቶሎ ይታጠፋል፤ መሪውን ወደ ግራ ስታዞር እሱ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስት ጊዜ አጣጠፍሁት። የልጅ ልጆቻቸው በመስኮት ይስቁ ነበር። ጋሼ ከጋቢናው ወርደው ወደ ኋላ ሄዱ፤ አንድ እጃቸውን ተሳቢው ላይ አሳረፉና በጨለማው ውስጥ ይጣሩ ጀመር።

«መሪውን ከሥሩ ያዝ! እጅህን እኔ ወዳልሁህ ጎን ውሰደው! ወደ ግራ… ና፥ ና፥ ና… ቀጥ አድርግ… ና…»

ቀጥሎም የተሳቢውን ጎን በመዳፋቸው ሁለት ጊዜ ደለቁት። አዲስ አበባ በታክሲና በአውቶቡስ የሄደ ሁሉ ይህን ድምፅ ያውቀዋል፤ ረዳት ለሾፌር «ቁም» ሲል ነው። ቆምሁ።

በማግሥቱ ተሳቢውን እዚያው ከተማ ላለው የአከራዩ ቅርንጫፍ አስረክቤ በአውቶቡስ ወደ ዳላስ ተመለስሁ። ወረቀቱን ግን አላስረከብሁም፤ ጋሼ «ስጠኝ» ብለው ከድሮው መንጃ ፈቃዳቸው ጋር በላስቲኩ ውስጥ ጠቀለሉት። ለምን እንደ ሆነ ስጠይቃቸው «ለልጅ ልጆቼ፤ እነሱም ማንበብ ይችላሉ» አሉኝ።

እኔም የተማርሁትን በአጭሩ ልበል። እኛ ተማሪዎች «ያ የድሮ ነው፥ ይህ ሌላ ነው» ማለት ይቀናናል፤ አንዳንድ ጊዜም እውነት እንናገራለን። ነገር ግን ይህን ከማለታችን በፊት ቢያንስ የተሰጠንን ገጽ እናንብብ፤ ከጎናችን የተቀመጠውንም ሰው እንስማ። እሱም ደግሞ፥ ጋሼ እንዳሉት፥ ካልተሰማ ሁለተኛ ይናገር።