አደራ የተቀበልነው ቀፎ



እኛ እዚህ ባምባሲ በመስጂድ ኺድማ ላይ ያለን ጥቂት ወንድማማቾች ነን። ዓምና የአንዲት እናት ልጅ ለሥራ ርቆ ሲሄድ፣ እናቱ የሽመል ቀፎዎቹን፣ 3 ናቸው፣ «አደራችሁን» ብለው ሰጡን። ኅዳር ላይ ማሩን ስንቆርጥ ግን ስስት ያዘን፤ ለንቦቹ ስንቅ ሳናስቀር ጠርገን ወሰድን። ከዚያም እስከ መጋቢት ዞር ብለን አላየናቸውም።

መጋቢት ላይ አንዱን ቀፎ ስንከፍት ንብ የለም። እንጀራው በነጭ ድር ተተብትቦ ትል ይርመሰመስበታል፣ ከሥሩ ጥቁር ኩስ ተከምሯል። የሰም እራት ገብታበት ነው። ሁለተኛውም ጀምሮታል።

አንዳችን የተባይ መርጫ ላምጣ አለ፤ ሌላው ለልብስ ብል የሚቀመጠውን ናፍታሌን እንክተት አለ። በንብ ያረጁ አንድ አባት ሰምተው፣ «ልጆቼ፣ ትሉን የሚገድል ንቡንም ይገድላል። ናፍታሌኑም ሰሙና ማሩ ውስጥ ይቀራል። ያንን ማር ለማን ልትሸጡ ነው?» አሉን። አፈርን። ሱረቱ አን-ነሕልን ለሕፃናት እያስቀራን፣ ፈውስ የተባለውን ልንመርዝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እራቷ በሌሊት ገብታ በስንጥቅ ውስጥ እንቁላል ትጥላለች። ብርቱ ሕብረ ንብ ትሉን እየጎተተ ያወጣል። ንቡ ሲሳሳ ግን ያልሸፈነው አሮጌ ጥቁር እንጀራ ለትሉ ማዕድ ይሆናል። ንቡን ያደከምነው እኛ ነን፤ እራቷ የተከፈተ ቤት አገኘች።

እናም በሳቸው ምክር፦

• ከሞተው ቀፎ ደህናውን ሰም አቅልጠን አጣራን፣ የተበላሸውን አቃጠልን፣ ቀፎውን ፍቀን በእሳት ወላፈን አሳለፍነው።
• ከሁለተኛው የተበላውንና የጠቆረውን እንጀራ ቆርጠን አወጣን፣ ወለሉን ጠረግን።
• ስንጥቁን በእበትና በአመድ መረግን፣ መግቢያውን አጠበብን።
• አበባ እስኪመጣ ማታ ማታ ስኳር በውሃ በጥብጠን ሰጠናቸው።

የፍሬም ቀፎ ያላችሁ ደግሞ ትርፍ እንጀራችሁን በፌስታል አሽጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ አንድ ቀንና ሌሊት አሳድሩት። ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ላይ 4 ሰዓት ተኩል የቆየ እንጀራ ውስጥ እንቁላሉም ትሉም አይተርፍም፤ እንጀራው እስኪቀዘቅዝ ጊዜ ስለሚፈልግ ነው ማሳደሩ።

ከዚያ ወደ እናታችን ሄደን እውነቱን ነገርናቸው፣ የጠፋውን መንጋ ዋጋም ይዘን። ገንዘቡን አልተቀበሉም። «ይቅር ብያለሁ። የቀሩትን ግን በየሳምንቱ እዩልኝ» አሉ።

አሁን በየሳምንቱ ከጁምዓ በኋላ ቀፎዎቹ ዘንድ እንደርሳለን። ከደጃፉ ንቡ ሲመላለስ አይተን እንመለሳለን። ዘንድሮ ስንቆርጥ ድርሻቸውን እናስቀርላቸዋለን፣ ኢንሻአላህ።

አላህ አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን። ወሰላሙ ዐለይኩም።