ቅንጦት በሲሲ ሲለካ

የዚህ ገጽ አንባብያን ስለ ምርጫ፣ ስለ መሬትና ስለ በጀት መከራከር ስለለመዱ ዛሬ ስለ መኪና ልጽፍ መነሣቴን አይተው «ሰውየውን ምን ነካው?» ይሉ ይሆናል። እኔ ግን በአገራችን ከመኪና የበለጠ ፖለቲካ የተሸከመ ዕቃ ያለ አይመስለኝም። ማን ቀረጥ ከፍሎ ማን ሳይከፍል እንደሚያስገባ፣ መንገዱ የት ደርሶ የት እንደሚቆም፣ ቤንዚኑ ለማን ተቀድቶ ማን ዘንድ ሲደርስ እንደሚያልቅ ያጤነ ሰው፣ የመንግሥትን ጠባይ ከማንኛውም መግለጫ ይልቅ አጥርቶ ያውቀዋል።

ነገሩን ያስነሣው በአሜሪካ ቨርጂኒያ የሚኖር የዳባት ልጅ ወዳጄ ያቀረበልኝ ጥያቄ ነው። እናቱ ዳባት ናቸው። ልባቸውን ስለሚያማቸው በየወሩ ጎንደር እየወረዱ ይታከማሉ። የሚሄዱት በሚኒባስ ነው፤ ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር አራተኛ ሆነው። ልጃቸው ይህ አንጀቱን ስለበላው መኪና ሊገዛላቸው፣ የወንድሙንም ልጅ ሾፌር ሊያደርግላቸው ቆርጧል። ምርጫውን በሦስት አጥብቦ ላከልኝ፤ ቢኤምደብሊው 3 ሲሪስ፣ መርሴዲስ ሲ ክላስ ወይም ሌክሰስ አይኤስ። «አዲስ ይሻላል ወይስ ያገለገለ? አንተ አገሩንም መንገዱንም ታውቃለህ፤ ፍረድ» አለኝ። እነሆ ፍርዴ።

በመጀመሪያ ለመኪኖቹ የሚገባቸውን እንስጣቸው። ሦስቱም የአንድ መደብ ልጆች ናቸው። 3 ሲሪስ እ.ኤ.አ. በ1975 ተወለደ። የሲ ክላስ አባት የሆነው መርሴዲስ 190 በ1982 ተከተለ። ሌክሰስ አይኤስ ደግሞ በ1998 በጃፓን አልቴዛ በሚል ስም የቶዮታን አርማ ለጥፎ ብቅ አለ። ሞተራቸው ከፊት ተቀምጦ የሚገፋው የኋላውን ጎማ ነው፤ ክብደታቸው ተመዛዝኗል፤ መሪያቸው የመንገዱን ወሬ ሳያዛባ ለእጅ ያደርሳል። ወዳጄ በሚኖርበት አገር እነዚህ የቅንጦት መሰላል የመጀመሪያ እርከን ናቸው። አንዲት ነርስ ወይም አንድ ወጣት የሒሳብ ሠራተኛ በየወሩ እየከፈለ ይነዳቸዋል፤ ጎረቤትም ዞር ብሎ አያይም።

ይህ መሰላል ባሕር ተሻግሮ ሲመጣ ግን የመጀመሪያው እርከን ከጣራው በላይ ይሆናል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አውቶሞቢልን በሞተሩ መጠን ለሦስት ከፈለው፤ እስከ 1300 ሲሲ 30 በመቶ፣ እስከ 1800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 100 በመቶ። እንግዲህ ከነማጓጓዣውና ከነመድኑ 100 ብር የሚያወጣ ባለ ሁለት ሊትር መኪና እንውሰድ። 35 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ሲታከልበት 135 ይሆናል፤ ኤክሳይዙ እጥፍ ያደርገውና 270 ይገባል፤ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስና 10 በመቶ ሱር ታክስ ተራ በተራ ሲደረቡበት 341 ብር ከ55 ሳንቲም ላይ ይቆማል። ገዥው አንድ መኪና ነድቶ የሦስት ተኩል ያህል ዋጋ ከፈለ ማለት ነው።

የሚያስቀው ደግሞ ሚዛኑ ራሱ ነው። የ2005 እ.ኤ.አ. ቢኤምደብሊው 320 አይ ሞተር 1995 ሲሲ ሆኖ 150 የፈረስ ጉልበት አለው። ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣው መርሴዲስ ሲ 180 ኮምፕሬሰር ደግሞ 1796 ሲሲ ብቻ ሆኖ፣ አየር በግድ የሚያስገባ መጭመቂያ ስላለው 156 የፈረስ ጉልበት ያወጣል። አዋጁ የበረታውን በ60 በመቶ አሳልፎ የደከመውን በ100 በመቶ ቀጣው። ሕጉ የለካው ቅንጦትን ሳይሆን የሲሊንደርን ሆድ ነበር።

በ2012 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1186 ሲመጣ ሚዛኑ ላይ ዕድሜ ተጨመረ። ለአነስተኛ አዲስ መኪና ታክሱ ዝቅ ሲል፣ ባገለገለው ላይ ግን እንደ ዕድሜው እየተከመረ እስከ 500 በመቶ ደረሰ። ያረጀ መኪና አየር ይበክላል፤ መለዋወጫውም የውጭ ምንዛሪ ይበላል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ደሀም ሆነ መካከለኛ ገቢ ያለው ሰው በዓለም ሁሉ መኪና የሚገዛው ከሌላው እጅ ነው። አሮጌውን ከልክሎ አዲሱን አለማቅረብ «ጫማህ ተቀዷልና በባዶ እግርህ ሂድ» እንደማለት ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርት ሚኒስትሩ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን ለምክር ቤት አስታወቁ። በዚህም ለወዳጄ ጥያቄ ግማሹን መልስ መንግሥት መለሰለት። የቤንዚን ሞተር ያለው አዲስ መኪና ምርጫ ውስጥ የለም፤ የቀረው አስቀድሞ አገር ውስጥ የገባውን በደላላ በኩል ፈልጎ፣ ሊብሬውን አጣርቶ መግዛት ነው።

አሁን ወደ መንገዱ እንውጣ። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኮሶዬን፣ አምባ ጊዮርጊስን፣ ገደብዬን፣ ዳባትንና ወቀንን አልፎ ይደርሳል። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ፣ አንድ ዘመዴ ከአዲስ አበባ ባመጣት 320 አይ ደርሰን ተመልሰናል። በአስፋልቱ ጥሩ ጥሩ ክፍል ላይ፣ በተለይም በኮሶዬ ጠመዝማዛ፣ መኪናዋ የተመሰገነችበትን ሁሉ ሆና አገኘኋት። ጥምዝ ላይ አትዋልልም፤ ፍሬኗ የታመነ ነው። ሾፌሩም ሳያስበው ፊቱ ይፈካል።

ዳገቱ ግን ድርሻውን ይወስዳል። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2850 ሜትር ላይ ናት። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሰባ ከመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ተርቦ የሌለው ሞተር ከአንድ አራተኛ በላይ ጉልበቱን ያጣል። በወረቀት ላይ 150 የነበረው ፈረስ ደባርቅ ሲደርስ 108 ገደማ ይቀራል። ገዥው ግን ቀረጡን የከፈለው ለሙሉው ነው። ለዚህ ከፍታ የሚሻለው አየሩን ጨምቆ ጉድለቱን የሚያካክሰው ባለ ተርቦው ሞተር ነው። የቤንዚኑ ጥራት ብዙ የሚያስፈራ አይደለም፤ እነዚህ ሞተሮች ከፍ ያለ ኦክቴን ቢወዱም የአየሩ መሳሳት ራሱ ፍላጎታቸውን ይቀንሰዋል። የሚያስፈራው ማደያው ደርቆ በሃይላንድ ፕላስቲክ ከመንገድ ዳር የሚገዛው ነው። ምን እንደተቀላቀለበት ሻጩም ገዥውም አያውቁትም።

ሁለተኛው ነገር ቁመት ነው። መኪናዋ ከመሬት ከፍ የምትለው 14 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ በየከተማው መግቢያ ያለውን የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ በሰያፍ መውጣት ነበረብን። ከአስፋልት ወርዶ ኮረኮንች የገባ ሰው የዘይት ኮፓውን ለድንጋይ አሳልፎ ሰጠ ማለት ነው። ከደባርቅ ወደ ሳንቃበርና ወደ ጭነቅ የሚወጣውን የፓርኩን መንገድ፣ ወይም ወደ ዛሪማ የሚያወርደውን የሊማሊሞን ገደል በእንዲህ ያለ መኪና ላስብ አልደፍርም።

ሦስተኛው ስኮርታ ጎማ ነው። የዚያ ዘመን 3 ሲሪስ ከፋብሪካ ሲወጣ ስኮርታ የለውም፤ ቢተነፍስም የተወሰነ ርቀት የሚያስኬድ ጠንካራ ጎማ ተገጥሞለታል። ሐሳቡ ጀርመን አገር ላይ ብልህነት ነው፤ በሰማንያ ኪሎ ሜትር ውስጥ ተመሳሳይ ጎማ የሚሸጥ አይጠፋምና። በገደብዬና በዳባት መካከል ግን ጎሚስታው ያለው መፍቻ፣ ማጣበቂያና መልካም ፈቃድ ነው። የእኛ ጎማ አልፈነዳም፤ ነገር ግን ጎንደር ላይ መኪናዋን ያየልን መካኒክ ኮፈኑን ዘግቶ እጁን እየጠረገ «ጋሼ፣ ይቺ ጥሩ ልጅ ናት፤ ግን ሀብታም ቤት ማደግ ለምዳለች» ያለኝን አልረሳውም። ትክክል ነው። የውሃ ፓምፕ፣ የመሪ ክንድ፣ አሞርዛተር ሲያስፈልጋት ከአዲስ አበባ ይጠበቃል፤ አዲስ አበባም ከዱባይ ይጠብቃል።

ከሁሉ በላይ ግን የወዳጄ እናት አሉ። የስፖርት መኪና ወንበር ዝቅ ብሎ የተሠራው ሾፌሩ ከመንገዱ ጋር እንዲዋሐድ ነው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ነጠላቸውን ሰብስበው ወደዚያ ጉድጓድ ሊወርዱ፣ ጎንደር ሲደርሱም ደግሞ በሰው ድጋፍ ሊወጡ የሚገባቸው እናት ግን ለዚህ አልታሰቡም። ጠንካራው አሞርዛተርም የአስፋልቱን ስንጥቅ ሁሉ ለታመመ ልብ ይነግራል።

ታዲያ ኤሌክትሪኩስ? እዚህ ላይ ለመንግሥት ውሳኔ ፍትሕ ልስጥ። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ የገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ መኪናን ከኤክሳይዝ፣ ከተጨማሪ እሴትና ከሱር ታክስ ነፃ አድርጎ፣ ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 በመቶ ቀረጥ ብቻ አስቀረ። በዚያ ስሌት የ100 ብሩ መኪና 115 ሆነ ማለት ነው፤ ከ341 ጋር አስተያዩት። ለሰሜን ተራሮች ግርጌም ከቤንዚን ሞተር ይልቅ ይስማማል። አየር ስለማይተነፍስ ከፍታ አያደክመውም፤ ቁልቁለት ሲወርድም ፍሬኑ ባትሪውን መልሶ ይሞላል። በአንድ ሙሌት 400 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ከሆነ ከዳባት ጎንደር ደርሶ ለመመለስ ሁለት ጊዜ ይበቃል። ነገር ግን መብራት ሲኖር ነው። የኃይል መሙያ ጣቢያዎቹ በአብዛኛው አዲስ አበባ ተሰብስበው፣ ለዳባት የተተወላት በየቤቱ ያለው ሶኬት ነው፤ መብራት በሄደ ቀን ደግሞ በሃይላንድ ፕላስቲክ የሚሸጥ ኤሌክትሪክ የለም። አዋጁ ከአዲስ አበባ ወጥቷል፤ ገመዱ ግን ገና በመንገድ ላይ ነው።

እስቲ ደግሞ በዚያው መንገድ ላይ ቆመን የሚያልፈውን እንቁጠር። ገብስ የጫነ አህያ፣ ጋሪ፣ ባጃጅ፣ እስከ ጣራው የተጫነ አይሱዙ፣ ከዚያም የመንግሥት ወይም የድርጅት ታርጋ የለጠፈ፣ መስታወቱ የጠቆረ ላንድክሩዘር። የዚህ ሞተር ከአራት ሊትር የማያንስ ነው። በሲሲ ከለካን ከ320 አይ ሁለት እጥፍ ቅንጡ ነው። ሆኖም በውስጡ የተቀመጠው ሰው ኤክሳይዙን ከኪሱ አልከፈለም፤ ቤንዚን ፍለጋም አይሰለፍም። የተሳፈረበት «ለሥራ» ይባላል፤ የወዳጄ እናት ልባቸውን ይዘው ሐኪም ዘንድ የሚሄዱበት «ቅንጦት» ይባላል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ዳባት አጠገብ ጭና ደርሶ ንጹሐን ባለቁ ጊዜ፣ ደባርቅም የተፈናቀሉትን በየትምህርት ቤቱ ስታስጠልል፣ በዚህ መንገድ ላይ ቅንጦት ምን እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም። የሚጭን ማግኘት ነበር። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገድ ሲዘጋና እገታ ሲበዛ ደግሞ የሚያብለጨልጭ መኪና ባለቤቱን ለወንበዴ የሚጠቁም ምልክት ሆነ።

ዐፄ ቴዎድሮስ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ዘውድ የደፉት ከደባርቅ ባሻገር ጃናሞራ ውስጥ በደረስጌ ማርያም ነው። ኋላ ሴባስቶፖል የተባለውን 7 ቶን ያህል የሚመዝን መድፍ ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ ፊት ፊት መንገድ ይጠረግ ነበር፤ ራሳቸውም ድንጋይ ያነሡ እንደነበር ይነገራል። በሌላው ቢታሙም አንድ ነገር ገብቷቸው ነበር፤ ዕቃው ለመሄድ አስቀድሞ መንገዱ መሠራት አለበት።

እንግዲህ ፍርዱ። ለወዳጄ የጻፍኩለት ይህ ነው። ነጂው አንተ ብትሆንና መንገድህ ከአዲስ አበባ አስፋልት ባይወጣ፣ አንድ እጅ የነዳው፣ የጥገና መዝገቡ የተሟላ ሲ 180 ግዛ፤ የሌክሰሱም ትዕግሥት መልካም ነው። ለዳባት ግን ሦስቱንም ተዋቸው። ቁመቱ ከፍ ያለ፣ ወንበሩ ለጉልበት የሚመች፣ መለዋወጫው ጎንደር የሚገኝ፣ ስኮርታው ከኋላ የተቀመጠ ተራ ቶዮታ ፈልግ። አሞርዛተሩን በአዲስ ለውጥ፤ የተረፈህን ገንዘብ ለነዳጅና ለመድኃኒት አስቀምጥ። እናትህ ሙሉ ወንበር ለብቻቸው አግኝተው ከተቀመጡ ቅንጦቱ እርሱ ነው።

ይህን ከላክሁለት በኋላ ግን እርሱ ያልጠየቀኝ፣ መጠየቅ ያለበት ሌላ አካል የሆነ ጥያቄ አብሮኝ ቀረ። እኚህ እናት በየወሩ 75 ኪሎ ሜትር የሚወርዱት ልብ የሚያይ ሐኪም በአጠገባቸው ስለሌለ ነው። ደባርቅ የዞን ከተማና ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ሆናለች፤ ያ ሐኪም እዚያ ቢኖር የመንገዱ ርዝመት ከግማሽ በታች በሆነ ነበር። ለእርሳቸው ከሁሉ የሚሻለው መኪና የማያስፈልጋቸው መኪና ነው፤ እርሱን ደግሞ ልጃቸው ከቨርጂኒያ ሊገዛላቸው አይችልም።

ቸር ይግጠመን።