ራስ የሌለው አጽም

ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. በሞባይል መምጣቱ፣ ሸካ ውስጥ ማሻ ላይ ኮምፒውተር ለሌለን ልጆች ትልቅ ዜና ነበር። ጌሙን አንድሩ ጋወር ከወንድሙ ከፖል ጋር ለሕዝብ ያቀረበው በ1993 ዓ.ም. ሲሆን፣ እኛ የምንጫወተው የ1999 ዓ.ም. መልኩን ነው። ሥዕሉ ያረጀ ነው፤ ሰዎቹ በገጀራ የተጠረቡ ይመስላሉ። ለዚህም ይሆናል ርካሽ ስልክና ደካማ ኔትወርክ የሚችለው።

ጓደኞቼ ሌቭል ለማሳደግ ሲሽቀዳደሙ እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነበር። መነሻው ከተማ ላምብሪጅ ውስጥ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ መቃብር አለ። የሬሳ ሣጥኑን ስትከፍት አጽሙ ራስ የለውም። ከቫሮክ ከተማ በስተሰሜን ያለውን ቦይ ስትሻገር ደግሞ ሣሩ ያልቃል፣ መሬቱ ይጠቁራል፣ ፍርስራሽና አጥንት ይበዛል። እዚያ ምን ጦርነት እንዳለፈ ገና ሳትሰማ መፍራት ትጀምራለህ።

አንድ ማታ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ምድጃ ዳር ተቀምጬ ድሬይነር ከሚባለው አሮጌ ቤት ደረስኩ። አባቴ ንብ አናቢ ነው፤ ስለ ጌም ምንም አያውቅም። ከትከሻዬ በላይ አጎንብሶ ሲያይ ቆየና በቋንቋችን በሸኪ ኖኖ ጠየቀኝ።

«እነዚህ ዛፎች ምን ነክቷቸው ደረቁ?»

«እኔ እንጃ።»

«ሌላው ሁሉ ለምልሞ እዚህ ብቻ ከደረቀ፣ ነገሩ ከቤቱ ነው። አትግባ።»

ገባሁ። በሩ ከኋላዬ ድርግም ብሎ ተዘጋ፤ በገባሁበት መውጣትም አልተቻለም። አባቴ ሳቀብኝ። «ነግሬህ ነበር» አለና ወደ መኝታው ሄደ።

ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሲቋረጥ ጌሙም አብሮ ጠፋ። ለሦስት ሳምንት ገደማ ሥራ ፈትቼ ስለነበር አባቴ ቀፎዎቹን ሊያይ ሲወጣ ተከተልኩት። ጫካው መሃል ድንገት ቆመ።

«እዚህ ሰው ይኖር ነበር» አለ።

ዙሪያዬን አየሁ፤ ከዛፍና ከእንሰት በቀር ምንም የለም። እንሰት ደግሞ በእኛ አገር ዱርም ይበቅላል። «የዱሩ እንዲህ አይደረደርም» አለኝ። እውነትም መስመር ይዘዋል። ቅጠሉን በዱላው ገለጥ ሲያደርግ ሦስት ጉልቻ ወጣ፤ ሽበት የለበሰ፣ ግማሹ አፈር የዋጠው። አንዱ ድንጋይ በውስጥ ጎኑ አሁንም በጥላሸት ጠቁሯል። አባቴ ጉልቻዎቹ መካከል ያለውን ስፋት በስንዝር ለካና «ትልቅ ድስት ነው የተጣደበት፤ ቤተሰቡ ብዙ ነበር» አለ።

ትንሽ ራቅ ብሎ ዛፍ ላይ ቀፎ ተሰቅሏል። እሱን ሲያይ አቅጣጫ ለወጠ፤ ከዚያ ወዲያ የሌላ ሰው ቆቦ ነው። በቆቦ ሥርዓት የጫካው ክፍል ሁሉ ባለቤት ስላለው፣ ያለ እሱ ፈቃድ ማንም ቀፎ አይሰቅልበትም። አጥርም ሆነ ጽሑፍ የለም፤ ቀፎው ራሱ ይበቃል። ዩኔስኮ በ2004 ዓ.ም. የሸካን ደን በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዝግቧል፤ ደኑ እስከዚያ ድረስ የቆየው ግን እንዲህ ያለውን ምልክት አይቶ በሚመለስ ሰው ጭምር ነው።

የጌሙን ሠሪዎች ይበልጥ ያደነቅኳቸው ከዚያ ቀን በኋላ ነው። ጉልቻውን ለእኔ ብሎ ያስቀመጠው የለም፤ ሰዎቹ ኖረው ሄዱ፣ ድንጋዩ ቀረ። ድሬይነር ያለውን ደረቅ ዛፍ ግን አንድ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ አስቦበት ተክሎታል። ሆን ተብሎ የተቀመጠን ነገር ሳይታሰብ የቀረ ማስመሰል ከባድ ነው፤ ጥቂት ካበዛህበት ተጫዋቹ ይነቃል፣ ካሳነስክበት ሳያየው ያልፋል። እነሱ መጠኑን ያውቁታል። ዕድሜውን ሙሉ ጫካ ሲያነብ የኖረ ሰው ስልክ ላይ ያየውን ዛፍ አምኖ «አትግባ» ካለ፣ ከዚህ በላይ ምን ምስክር ይፈለጋል?

ኔትወርኩ ሲመለስ ጓደኞቼ ወደ ውጊያቸው ሮጡ። እኔ ያየሁትን ዕቃ ሁሉ «ኢግዛሚን» (መርምር) የሚለውን እየነካሁ በየፍርስራሹ እዞር ጀመር። ሌቭሌ ዛሬም መሳቂያ ነው፤ መንገድ ሲጠፋቸው ግን የሚደውሉት ለእኔ ነው።