ሳይጠሩት አቤት

«ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» ይላል ያገራችን ሰው፣ ባልተጠራበት ጥልቅ የሚለውን ሲገሥጽ። ኮምፒውተርም አንዳንዴ ይህ ጠባይ አለው። የይለፍ ቃላችንን ጽፈን ገና ሳንደላደል፣ ያልከፈትነው ፕሮግራም ፊታችን ድቅን ይላል። ብዙ ሰው «ቫይረስ ነው» ብሎ ይደነግጣል። በሊኑክስ ላይ ግን ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነው፤ ሳይጠራ የመጣ የሚመስለውን ፕሮግራም አንድ ቀን አንድ ሰው ጠርቶታል።

ይህን ያስተማረኝ እዚህ መተማ ዮሐንስ ከአንድ የካርቱም መምህር የገዛሁት አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ፣ በገላባት በኩል ድንበሩን ተሻግረው ከመጡት እልፍ ሰዎች አንዱ ነበር። ለመንገዱ ገንዘብ አስፈለገውና ሸጠልኝ። የይለፍ ቃሉን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ሰጠኝና፣ «ፋይሎቼን ፍላሽ ሳገኝ መጥቼ እወስዳለሁ» አለኝ። እስካሁን አልመጣም።

ላፕቶፑ ላይ ያለው ሊኑክስ ሚንት ነው፤ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ቀለል ያለ ገጽታ ያለው። በገባሁ ቁጥር አንድ የሊብሬኦፊስ ሠንጠረዥ ራሱን ይከፍታል። ጽሑፉ ዐረብኛ ነው። ዐረብኛ የሚያነቡ አንድ የሰሊጥ ነጋዴ ጎረቤቴ አዩትና፣ «የተማሪዎች ስምና ውጤት ነው፤ የመጨረሻው ፈተና ዐምድ ብቻ አልተሞላም» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያን ሠንጠረዥ ማለዳ ማለዳ መዝጋት ከበደኝ። እንዳይከፈት ላድርግ ብል ደግሞ፣ የሰው አደራ አብሮ ቢጠፋስ? ስለዚህ አስቀድሜ ሰነዶቹን ሁሉ በፍላሽ ገለበጥሁ፤ ከዚያም ምርመራውን ጀመርሁ።

የመጀመሪያው ጥያቄ ትእዛዙ ከየት ነው የሚመጣው የሚለው ነው። አዲስ የተጠቃሚ ስም ፈጥሬ በእርሱ ገባሁ፤ ሠንጠረዡ አልመጣም። እንግዲህ ነገሩ ያለው በሥርዓቱ ውስጥ ሳይሆን በመምህሩ የግል ፎልደር ውስጥ ነው ማለት ነው። በዚያ ስማቸው በነጥብ የሚጀምር የተሰወሩ ፎልደሮች አሉ። «ኮንፊግ» ከሚባለው ሥር «አውቶስታርት» የሚል ይገኛል፤ እዚያ የተቀመጠ እያንዳንዱ ትንሽ የጽሑፍ ፋይል «ሰውየው ሲገባ ይህን ክፈት» የሚል ትእዛዝ ነው። በቅንብሩ ውስጥ «ሴሽን ኤንድ ስታርትአፕ» በሚለው ገጽ ዝርዝሩ ይታያል። ያልፈለጉትን ምልክቱን ማንሣት ይበቃል፤ መሰረዝ አያሻም። ብሉቱዙን፣ የማሻሻያ አስታዋሹን አገኘሁ። ሠንጠረዡ ግን አልነበረም።

መልሱ የተገኘው ከመውጫው በር ላይ ነው። ከኤክስኤፍሲኢ ስንወጣ፣ የተከፈተውን ሁሉ ለሚቀጥለው ጊዜ ላስቀምጥ ወይ የሚል ትንሽ ሣጥን አለ። አንድ ጊዜ ምልክት ተደርጎበት ከወጡ፣ ማሽኑ የዚያን ሰዓት መስኮቶች ይመዘግባል። በኋላ ምልክቱ ቢነሣም ያ መዝገብ አይሰረዝም፤ በገቡ ቁጥር ያንኑ ሰዓት መልሶ ይዘረጋል። መምህሩ አንድ ምሽት ውጤት ሲሞላ ቆይቶ፣ ነገ እቀጥላለሁ ብሎ ይሆናል ያን ሣጥን የነካው። ማሽኑ ታዲያ ያቺን አንዲት ምሽት አልረሳም።

መተማም እንዲሁ አንድ ቀን የማትረሳ ከተማ ናት። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ እዚህ ቆሰሉ፤ በማግሥቱም ዐረፉ። ዛሬ ሰሊጥ ሊጭን የሚመጣ ሾፌር እንኳ፣ ስለ ጦርነቱ ሳያስብ፣ የከተማዋን ስም ሲጠራ የንጉሡን ስም ይጠራል። አንድ ጊዜ የተመዘገበ ቀን ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም በአፍ ላይ ይከፈታል። የእኛ ዘመን ስደተኛ ግን ስሙን የሚያወርሰው ከተማ የለውም።

የተቀመጠውን ክፍለ ጊዜ ማጥፋት ሰነዱን እንደማያጠፋ ሳውቅ ነው ልቤ የረጋው። መዝገቡ የያዘው የትኞቹ መስኮቶች ተከፍተው እንደነበር ብቻ ነው፤ ስሞቹና ውጤቶቹ በራሳቸው ቦታ አሉ። በዚያው በቅንብሩ ገጽ የተቀመጡ ክፍለ ጊዜዎችን የሚያጸዳውን ቁልፍ ተጫንሁ፤ ወጥቼም ተመልሼ ገባሁ። ባዶው ገጽታ ብቻ መጣ።

ፍላሹን በፖስታ ከትቼዋለሁ። ጎረቤቴም የመምህሩን ስም በዐረብኛ ጽፈውበታል። ያልተሞላውን ዐምድ ማንም አልነካውም፤ የማን ተማሪ ስንት እንዳገኘ የሚያውቀው እርሱ ነው።