ባሱ ሲራመድ

ሙዚቃ ሲነሳ ሰው ሁሉ ስለ ዘፋኙ ያወራል። ከዘፋኙ የተረፈውን ጨዋታ ሳክስፎኑና ጊታሩ ይካፈሉታል። ስለ ባሱ ግን ማን ይጠይቃል? ባስ ተጫዋቹ ከኋላ ቆሞ፣ ከድራሙ ጎን ተጠግቶ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ያድርና ጭብጨባው ለሌላ ይሆናል። እስቲ ግን አንድ ምሽት ይቅር! ጨፋሪው እግሩ ይሳሰራል፤ ዘፋኙ ዞር ዞር ይላል፤ አድማጩም ምን እንደጎደለ ሳያውቅ «ዛሬስ ምን ሆነዋል?» ይላል።

እኛ አራት ተማሪዎች ይህን የማይጨበጨብለትን ሥራ ለመማር ከተነሳን ሁለተኛ ዓመታችንን ይዘናል። በተለይ የያዝነው በጃዝ «ዎኪንግ ባስ» የሚባለውን፣ በቋንቋችን «ተራማጅ ባስ» ልንለው የምንችለውን አጨዋወት ነው። «ፈተና እየደረሰ፣ ኑሮ እንዲህ ከብዶ፣ ምን የሚሉት ቅብጠት ነው?» የሚሉን ጓደኞች አሉ። ይህን የምንጽፈውም በከፊል ለእነርሱ መልስ እንዲሆን ነው።

ነገሩ ሲያወሩት ቀላል ነው። ሙዚቃው አራት አራት ምት ባላቸው ባሮች ተከፍሏል እንበል። ባሱ በእያንዳንዱ ምት ላይ አንድ ድምፅ ብቻ ያስቀምጣል፤ እንደ እግር ኮቴ፣ እኩል እኩል። በመጀመሪያው ምት ላይ የኮርዱ መሠረት ይመታል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ምት የኮርዱን ሌሎች ድምፆች እየረገጡ ያሻግራሉ። አራተኛው ምት ደግሞ ወደሚቀጥለው ባር መሠረት የሚያደርስ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከመድረሻው ግማሽ ድምፅ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ከዶ ተነስቶ ወደ ፋ የሚሄድ ሰው ዶ፣ ሚ፣ ሶል፣ ሶል ቤሞል ብሎ ፋ ላይ ያርፋል። በሌላ መንገድ መሄድ ካማረው ደግሞ ዶ፣ ሬ፣ ሬ ዲየዝ፣ ሚ ብሎ እዚያው ፋ ይደርሳል። የብሉዝ አንድ ዙር 12 ባር ነው፤ ስለዚህ ባሱ አንድ ዙር ሲዞር 48 እርምጃ ይራመዳል ማለት ነው።

ሲሠሩት ግን ሌላ ነው። ያለን አንድ ያገለገለ ባስ ጊታር ነው፤ አምፕሊፋየር የለንም። ከእኛ አንዱ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ በተከራያት አንዲት ክፍል ውስጥ የጊታሩን ጫፍ ከእንጨት ቁምሳጥኑ ጋር አስደግፈን እንጫወታለን፤ ያኔ ቁምሳጥኑ ራሱ ድምፁን ያጎላዋል። መብራት ሲጠፋም ሥራችን አይቋረጥም። የቤቱ ባለቤት እትዬ በበሩ ብቅ ብለው «እናንተ ልጆች፣ ዛሬም ቁምሳጥኔን ታስጉሩት ጀመር?» ይላሉ፤ ግን አንድም ቀን ተዉ ብለውን አያውቁም። የመጀመሪያዎቹን ወራት ጣታችን ውኃ እየቋጠረ፣ እየፈነዳ፣ ኋላም እየደነደነ አለፍናቸው።

ከጣቱ የከበደው ዝግታው ነው። ሜትሮኖሙን በደቂቃ 60 ላይ አድርጋችሁ ሞክሩት! ሲፈጥን የሚሸፈነው ሁሉ ሲዘገይ ይገለጣል። እያንዳንዱ ድምፅ ተከታዩ እስኪመጣ ድረስ መቆየት አለበት፤ ቶሎ ከተቆረጠ መራመዱ ቀርቶ ማነከስ ይሆናል።

የሚያስተምሩን ጋሼ በወጣትነታቸው በሆቴል ባንዶች ውስጥ የተጫወቱ፣ ስማቸው እንዲነሳ የማይወዱ ሰው ናቸው። አንድ ቅዳሜ ጊታሩን አስቀምጡት አሉንና በእግር ይዘውን ወጡ። ከቂርቆስ ወደ መስቀል አደባባይ፣ ከዚያ በባምቢስ በኩል ወደ ካዛንቺስ፣ አራት አራት እየቆጠርን። መንገድ ልናቋርጥ ስንል ያዝ አደረጉን።

«አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ከደረሳችሁ በኋላ ነው እንዴ የምታስቡት?»

«ታዲያ መቼ እናስብ ጋሼ?»

«ሦስት እርምጃ ሲቀራችሁ! ባስም እንዲሁ ነው። የሚቀጥለውን ኮርድ ሌላው ሰው የሚሰማው ሲደርስ ነው፤ እናንተ ግን ቀድማችሁ ማወቅ አለባችሁ። አውቃችሁም ዝም ብላችሁ ማድረስ ነው።»

ይህን የሚያህል ትምህርት በወረቀት ላይ አላገኘንም።

ይህ አረማመድ የተወለደው በአሜሪካ ጥቁሮች ሙዚቃ ውስጥ ነው። ዋልተር ፔጅ በካውንት ቤዚ ኦርኬስትራ ውስጥ አራቱን ምት እኩል እየረገጠ መንገዱን ካሳዩት ዋነኞቹ አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1939 ደግሞ ጂሚ ብላንተን የሚባል ወጣት ከዱክ ኤሊንግተን ኦርኬስትራ ጋር ተቀላቀለ። በ1942 ሲሞት ገና የ23 ዓመት ልጅ ነበር፤ በዚያች አጭር ዕድሜው ግን ኮንትራባስ ዜማ መናገር እንደሚችል አሳይቶ አለፈ። በ1951 ሊዮ ፌንደር በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ባስ ለገበያ ካወጣ በኋላ ባስ በትከሻ የሚንጠለጠል ዕቃ ሆነ።

ያ ሙዚቃ ከእኛ ከተማ ሩቅ አልነበረም። ኤሊንግተን እ.ኤ.አ. በ1973 ኦርኬስትራውን ይዞ አዲስ አበባ መጥቷል። ከካዛንቺስ አፍንጫ ሥር ባለው ሂልተን ሆቴል ደግሞ ዋልያስ ባንድ ለዓመታት ተጫውቷል፤ ባሱን የሚይዘው መላከ ገብሬ ነበር። ባንዱ በ1977 ባወጣው «ቸ በለው» ሸክላ ላይ ያለውን የግርማ በየነን «ሙዚቃዊ ስልት» የሰማ ሁሉ ያውቀዋል። እዚያ ባሱ ረጅም መንገድ አይሄድም፤ አንድ ሐረግ ይዞ ይመላለሳል፤ ሌላው ሁሉ በእርሱ ዙሪያ ይሰፍራል።

በመካከላችን ክርክር ያስነሳውም ይኸው ነው። ከእኛ አንዱ «የእኛ ባስ መመላለስ እንጂ መራመድ አያውቅም፤ የቅኝት ዜማ ኮርድ እየለወጠ አይሄድም። ታዲያ የአሜሪካን እርምጃ ተምረን የት ልንደርስበት ነው?» አለ። ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ብዙው ዘፈናችን ደግሞ በስድስት ስምንተኛ የሚረገጥ ችክችካ ነው፤ አራት ምት የለመደ እግር እዚያ ላይ ይደናበራል።

ቁጭ ብለን ቅኝቶቹን አንድ በአንድ በጊታሩ ላይ ፈተሽናቸው። ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ በውስጡ ግማሽ ድምፅ የሚባል የለም። ስለዚህ ከጃዝ የተማርነው አራተኛ ምት ከቅኝቱ ያስወጣል፤ ጆሮም ወዲያው ይቆረቁረዋል። ባቲ ግን ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ነው፤ ከሚ ወደ ፋ፣ ከሲ ወደ ዶ የግማሽ ድምፅ በር በራሱ አለው። አምባሰል ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቤሞል ነው፤ ሬ ቤሞል ከላይ ሆኖ ወደ ዶ፣ ላ ቤሞልም ወደ ሶል ይጎትታል። ለካ የምንፈልገው እርምጃ ከዱሮም በቤታችን ኖሯል! ከባሕር ማዶ የተማርነው ነገር የገዛ ቤታችንን በር አሳየን እንጂ ሌላ ቤት አልሰጠንም። ለትዝታ ግን በግማሽ ድምፅ አንገፋም፤ ከላ ወይም ከሬ ተነስተን ቀስ ብለን ዶ ላይ እንቀመጣለን። ሙላቱ አስታጥቄ ቅኝቶቻችንን ከጃዝ ጋር ሲያገናኝ ቅኝቱ እንዳይፈርስ የተጨነቀበት ምክንያት በጣታችን የገባን ያን ጊዜ ነው።

ካዛንቺስ ይህን ለመማር የተመቸ ሰፈር ነበር። ስሙ ራሱ ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅት፣ ከ«ካዜ ኢንቺስ» የመጣ ነው። ካዛንቺስ በአዝማሪ ቤቶቹም ይታወቅ ነበር፤ ዳንሰኛው መላኩ በላይ የመራው ፈንድቃም እዚያ ነበር። አዝማሪው በአንድ የማሲንቆ ክር ቤቱን ሁሉ ሲያስጨበጭብ ያየ ጀማሪ፣ አራት ክር ይዞ «አነሰኝ» ለማለት ያፍራል።

በ2017 ዓ.ም. ግን የካዛንቺስ ብዙ ቤቶች ለመልሶ ማልማት ፈረሱ፤ ነዋሪውም ወደ ሌሎች ሰፈሮች ሄደ። አዝማሪ ቤቶች የነበሩባቸው መንደሮችም ከዚሁ አልቀሩም። ከእኛ የአንዱ ቤተሰብ ከተማው ዳር ደረሰው። ጋሼ ያስቆጠሩን መንገድ መጨረሻው ዛሬ ሌላ ነው፤ ምት የያዝንባቸው የቆርቆሮ አጥሮች የሉም። ያኔ ማኅበራችን ይፍረስ ወይስ ይቀጥል ብለን ተመካከርን። ራቅ ብሎ የሄደው ጓደኛችን «እኔን አትጠብቁኝ፤ ጊታሩም እዚሁ ይሁን» አለ። ሦስታችን እምቢ አልን። ከአራት ምት አንዱ ሲጎድል ምን እንደሚሆን ተምረናል እኮ! ባሱ አንድ ሳምንት ከእርሱ ጋር፣ አንድ ሳምንት ከእኛ ጋር እንዲሰነብት ወሰንን።

እንግዲህ «ምን የሚሉት ቅብጠት ነው?» ላላችሁን ጓደኞች መልሳችን ይህ ነው። የሚቀጥለውን ቀድሞ አውቆ፣ ሳይጮህ፣ ሌላውን በሰዓቱ ማድረስን የምንማርበት ሌላ ክፍል አላገኘንም። ዛሬ ማታ ሬዲዮ ስትከፍቱ ዘፋኙን ለአንድ ዘፈን ያህል ተዉትና ከሥር ያለውን ተከተሉት።

እኛም ቅዳሜ ቅዳሜ ጊታሩን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለን ሁለት ታክሲ እንይዛለን። ረዳቱ «ይሄ ዕቃ የሰው ቦታ ይዟል» ብሎ የአንድ ሰው ሒሳብ ይጨምርብናል፤ አዋጥተን እንከፍላለን።