ጎፈሩ የት ይሰቀላል?

በጥር መጨረሻ፣ ፍሎሪዳ የምትኖረው ልጄ የትንሹን ልጇን ቪዲዮ ላከችልኝ። አንድ ዓይኑን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኗል፤ ራሱን በቀይ ሻሽ አስሯል፤ ወገቡ ላይ የፕላስቲክ ጎራዴ ታጥቋል። «እማዬ፣ የባሕር ወንበዴ ከሆነ ሦስት ቀኑ ነው፤ በስሙ ስጠራው አቤት አይልም» ትላለች እየሳቀች። የሚኖሩባት ቴምፓ ከተማ ከ1904 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወንበዴ በዓል ታከብራለች። ትልልቅ ሰዎች ሳይቀሩ እንደ ወንበዴ ለብሰው በመርከብ ይመጣሉ፤ ከንቲባውም የከተማውን ቁልፍ ያስረክባሉ። በዓሉ የሚከበርለት ሆሴ ጋስፓር የተባለው ወንበዴ ደግሞ፣ የታሪክ አጥኚዎች እንደሚሉት፣ ጭራሽ ያልነበረ ሰው ነው።

እኔም ሳቅሁ፤ ግን ነገሩ አልተዋጠልኝም። የላስታ ሰው ወንበዴ ሲባል የሚታየው ሽፍታ ነው። ልጅ ሳለሁ እናቴ ገበያ የምትሄደው ከሰው ጋር ተያይዛ ነበር፤ የምትመለሰውም ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ። ሽፍታን ለጨዋታ ብሎ የሚለብስ ሰው አላየሁም። ያልነበረን ወንበዴ መጫወት ቀላል ነው አልኩ በልቤ፤ ከብቱን የተነዳ የለ፣ የሚያለቅስ የለ።

ስልኩን ዘግቼ ወደ ግቢ ብወጣ፣ እዚህ እኔ ጋ ያለው የልጅ ልጄ ባዶ እግሩን በእንጨት ጦር ዶሮዎቼን እያሳደደ ይፎክራል።

ትምህርት ቤታቸው ለየካቲት 23 የአድዋን ጦርነት በጨዋታ ሊያሳይ ነበር። በዓሉ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ መልኩን እንደቀየረ ታውቃላችሁ። አዲስ አበባ ምኒልክ አደባባይ ላይ ጎፈር የደፉ፣ ካባ የደረቡ፣ ጋሻና ጦር የያዙ ወጣቶች መንገዱን ይሞሉታል። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ «ጉዞ አድዋ» ብለው ከአዲስ አበባ ተነስተው የአያቶቻቸውን መንገድ በእግር የተጓዙ አሉ። የአባቶችን ልብስ ለብሶ፣ አባቶችን መስሎ መዋል ለብዙ ወጣት ዓመቱን ሙሉ የሚዘጋጅበት ነገር ሆኗል። እኔ በልጅነቴ ጎፈር ደፍተው የማያቸው ሽማግሌዎች ግን መስለው ሳይሆን ሆነው ያለፉ ነበሩ። የዋግና የላስታ ሰው በ1888 ዓ.ም. በዋግሹም ጓንጉል ስር አድዋ ዘምቷል፤ በ1930 ዓ.ም. መባቻም ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በጣልያን ላይ ተነስተው የተሰዉት በዚሁ በእኛ አገር ነው። እነዚያ ሽማግሌዎች አልቀው ልብሱ ለልጆች ቀረ።

ልብሱን ያዘጋጀነው አብረን ነው። እውነተኛው ጎፈር የአንበሳ ጋማ ነው፤ እኛ ከቅዳሜ ገበያ ጠጉሩ ረጅም የሆነ የበግ ለምድ ገዝተን፣ አጥበን፣ ፀሐይ ላይ አድርቀን፣ በሻሽ ጥብጣብ ላይ ሰፋነው። ሁለት መርፌ ሰበርኩበት። ሁለት ቀን ሙሉ ቤቱ በግ በግ ሸተተ። ጋሻው የካርቶን ነው፤ መሃሉ ላይ የዱቄት ወተት ጣሳ ክዳን ለጥፈንበት ጥቁር ቀለም ቀባነው። ጦሩ የባሕር ዛፍ እንጨት ነው። እኔ የሠላሳ ስምንት ዓመት ነርስ ነኝና ጫፉን በፋሻ ጠቅልዬ በፕላስተር አሰርኩት። ልጁ አየው አየውና «እማማ፣ ፋሻ የታሰረለት ጦር የት አለ?» አለኝ።

ከልብሱ ይልቅ የከበደው ሰውየውን መሆን ነበር። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው አንድ ጎረቤታችን ሽማግሌ ፉከራ ሊያስተምሩት ተቀመጡ። «በጉሮሮህ አትጩህ» አሉት። «መጀመሪያ ዝም በል። ዙሪያህን እይ። እግርህ መሬቱን ሲያውቀው ድምፅህ ራሱ ይመጣል።» የአያቱን፣ የቅድመ አያቱን ስም አስጠሩት። ልጁ በሦስተኛው ቀን ተለወጠ። አንገቱ ቀጥ አለ፤ ድምፁ ከሆዱ ወጣ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሰውነቴን ወረረኝ፤ እልል አልኩ።

አለመውጣቱን ያየሁት ዘግይቼ ነው። ጎፈሩን ደፍቶ ምሳ ይበላል፤ ጎፈሩን ደፍቶ ይተኛል። እህቱን «ውሃ አምጪ ብያለሁ!» ብሎ ሲጮህባት ሁላችንም ሳቅን። ጥፋቱ የእኔም ነው። ልጅ አንድ ነገር ሲያደርግ ከተሳቀለት ይደግመዋል፤ ይህን ለስንት እናት መክሬያለሁ።

ጣልያን የሚሆኑት ልጆች በዕጣ ነው የተመረጡት፤ በፈቃዱ ጣልያን የሚሆን ማን አለ? ዕጣው ከደረሳቸው አንዱ የጎረቤቴ ልጅ፣ የልጅ ልጄ ባልንጀራ ነው። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ ሁለቱም የስድስት ዓመት ልጆች ነበሩ። ሁለቱ ቤተሰብ ያሳለፍነው በአንድ ጓዳ ነው። እናቱ የቀረቻትን በሶ ለሁለት ከፍላ ሰጥታናለች። ከዚያ ወዲህም የተኩስ ድምፅ ከእነዚህ ልጆች ጆሮ ርቆ አያውቅም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ከደጅ ጩኸት ሰማሁ። ስወጣ የጎረቤቴ ልጅ ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ በጣቶቹ መሃል ደም ይወርዳል። የልጅ ልጄ ጦሩን እንደያዘ ከፊቱ ቆሟል። ፋሻው ከጫፉ ላይ የለም። ቅንድቡ ላይ ነው የወጋው፤ አንድ ጣት ዝቅ ቢል ዓይኑ ነበር።

ንጹሕ ጨርቅ አጥፌ ቁስሉን ተጫንኩት፤ አሥር ደቂቃ፣ ገለጥ እያደረጉ ሳያዩ። የቅንድብ ቁስል ትንሽ ሆኖ ብዙ ይደማል፤ ወላጅ የሚደነግጠው ለዚህ ነው። አንዲት ጎረቤት የቡና ዱቄት ይዛ እየሮጠች መጣች፤ መለስኳት። ዕድሜዬን ሙሉ ታግዬ የቡና ዱቄትን ነገር አላሸነፍኩትም። ራሱን ስቶ እንደሆነ፣ አስመልሶት እንደሆነ፣ ሁለት ሁለት ይታየው እንደሆነ ጠየቅሁት። ደሙ ሲቆም ቁስሉን በንጹሕ ውሃ አጥቤ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ሦስት ስፌት ተሰፋ። ቅንድቡን እንዳይላጩት አሳሰብኩ፤ ከተላጨ የቁስሉን ጠርዝ ልክ አድርጎ ለመግጠም ያስቸግራል፤ ተመልሶ አስተካክሎ ላይበቅልም ይችላል። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም ተወጋ።

የልጅ ልጄን እጁን ይዤ ለይቅርታ ሄድን። እናቱ «ተይው ሲስተር፣ ልጆች ናቸው» አለች። ፊቷ ግን ተዘግቷል። በማግስቱ ለቡና አልተጠራሁም። ከዚያም ሦስት ቀን፣ አምስት ቀን። በሶ የተካፈልን ሰዎች በር ለበር ተዘጋጋን።

«ለምን ወጋኸው?» አልኩት ማታ።

«እሱ ጣልያን ነው።» በፉከራው ድምፅ።

«ማን እንደሆነ ታውቃለህ።»

ብዙ ዝም አለ። ከዚያ በራሱ ድምፅ «እማማ፣ ጎፈሩን ስደፋው አልፈራም» አለኝ። «ሳወልቀው ጓዳ ሆነን የሰማነው ድምፅ ይመጣብኛል።»

ልቆጣው ተዘጋጅቼ ነበር፤ አልቻልኩም። ነገሩን አውቀዋለሁና።

በሃያ አንድ ዓመቴ ዲፕሎማዬን ይዤ ገጠር ክሊኒክ ስመደብ፣ ደም ሳይ ጉልበቴ ይከዳኝ ነበር። ነጩን ጋውን ስለብስ ግን ሌላ ሰው እሆናለሁ። ድምፄ ይረጋል፤ እጄ አይንቀጠቀጥም። «ሲስተር መጣች» ሲሉ፣ የማትፈራ ሲስተር የምትባል ሴት የመጣች ያህል እኔም አምን ነበር። ጋውኑ ባይኖር ሠላሳ ስምንት ዓመት አልሠራም። ችግሩ ማታ ነው። አንዲት ወላድ እጄ ላይ ያረፈችበት ዕለት ጋውኔን ሳላወልቅ ቤቴ ገባሁ። ያቺ ዛሬ ፍሎሪዳ ያለችው ልጄ ታለቅስ ነበር፤ «ዝም ብለሽ ተኚ» አልኳት፣ ልክ ለበሽተኛ በምናገርበት ድምፅ። እንደ ባዕድ አየችኝ። ያንን አስተያየት እስካሁን አልረሳሁትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋውኑን ክሊኒኩ በር ጀርባ ሚስማር ላይ ሰቅዬ፣ እጄን እስከ ክርኔ ታጥቤ፣ መንገድ ላይ የልጆቼን ስም አንድ በአንድ እየጠራሁ ነበር የምገባው።

ደግሞስ መስሎ መዋል ለላሊበላ ሰው ምን ብርቅ ነው? ከተማችን ራሷ ኢየሩሳሌምን መስላ የተሠራች ናት፤ ወንዛችን እንኳን ዮርዳኖስ ነው። በገና ጠዋት በቤተ ማርያም «ቤዛ ኵሉ» ሲባል ካህናቱ ለሁለት ይከፈላሉ፤ ከላይ ማሜ ጋራ ላይ የቆሙት የመላእክት፣ ከታች ያሉት የእረኞች ምሳሌ ናቸው። አንድ መሪጌታ ነበሩ፤ ጠዋት ከላይ ቆመው መልአክ ሆነው ያዘምሙና ከሰዓት በኋላ የደም ግፊታቸውን ልለካላቸው ይመጣሉ። «ሲስተር፣ ጨው ቀንሱ ያልሽኝን አልቀነስኩም» ይሉኛል አንገታቸውን ደፍተው። መልአክነታቸው ከካባው ጋር ቤት ቀርቷል።

ለሽማግሌው ነገሩን ብነግራቸው ተቆጡ፤ በልጁ ሳይሆን በራሳቸው። «መግቢያውን አስተምሬው መውጫውን ረሳሁት» አሉ። እውነታቸውን ነው። በልጅነቴ ሠርግ ላይ ሰው ሲፎክር ማብቂያው ላይ ትልቅ ሰው ተነስቶ ትከሻውን ይዞ ያስቀምጠዋል፤ ጠላ ያቀርቡለታል፤ ላቡን ይጠርጋል፤ ጨዋታ ይቀጥላል። «የሚያስቀምጠው ሰው የሌለው ፎካሪ እብድ ነው» አሉ ሽማግሌው።

መምህራቸውን ሄጄ አነጋገርኩ። ጦሮቹ ሁሉ ጫፋቸው በጨርቅ ይታሰር አልኩ፤ እሺ አለ። ቁስለኞች ይኑሩ፣ ውሃ የሚያቀርቡ ሴቶችም ይኑሩ አልኩ፤ እዚህ ላይ ትንሽ አመነታ። እቴጌ ጣይቱ መቀሌ ላይ የምሽጉን ምንጭ አስይዘው ጣልያንን በጥም ያስጨነቁ ሴት ናቸው፤ አድዋ ላይ ደግሞ ሴቶቹን ሰብስበው ለተዋጊውና ለቁስለኛው ውሃ ያደረሱ። ከ1500 በላይ ጣልያኖች ተማርከው፣ በጥቅምት 1889 በተፈረመው የአዲስ አበባ ውል መሠረት አገራቸው ገብተዋል። በ1888 ክረምትም የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች አዲስ አበባ መጥተው የአድዋን ቁስለኞች አክመዋል። ይህ ሁሉ የአድዋ ታሪክ ነው፤ ለምን የልጆቹ ጨዋታ መተኮስና መውደቅ ብቻ ይሆናል? ከጣልያን ጋር የተሰለፉ አስካሪዎች ቀኝ እጅና ግራ እግራቸው መቆረጡን ለመምህሩ አነሳሁበት፤ ለልጆቹ ግን አልተነገረም። ጊዜው ሲደርስ ራሳቸው ያነቡታል።

የካቲት 23 የጊዮርጊስ ቀን ነውና ጠዋት ቤተ ጊዮርጊስ ተሳልመን ወደ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ወረድን። የልጅ ልጄ ፎከረ። መጀመሪያ ዝም አለ፣ ዙሪያውን አየ፣ ከዚያ ያ ድምፅ መጣ። ውጊያው ተደረገ። የጎረቤቴ ልጅ፣ ቅንድቡ ላይ ጠባሳው ገና ቀይ ሆኖ፣ ተወግቶ ሲወድቅ ያለው አወዳደቅ! ዞረ፣ በጉልበቱ ቆየ፣ እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ፣ ከዚያ ተዘረጋ። ሜዳው በሳቅና በጭብጨባ ተናወጠ። ልጃገረዶች እንስራ ይዘው ገቡ፤ ለሁለቱም ወገን አጠጡ። መጨረሻ ላይ ሽማግሌው በከዘራቸው ተደግፈው መሃል ሜዳ ገቡና የልጅ ልጄን ትከሻውን ይዘው አስቀመጡት። ይህ በመምህሩ ጽሑፍ ውስጥ አልነበረም።

ማታ ቤት ስንገባ በሩ ጀርባ አዲስ ሚስማር መትቼ ጠበቅሁት። ጎፈሩን ሰቀለ። እጁን እስከ ክርኑ ታጠበ፤ ፊቱንም። ፍርሃቱ የለቀቀው አይደለም፤ እስካሁን አንዳንድ ሌሊት እኔ ጋ መጥቶ ይተኛል፣ እኔም አልከለክለውም። ያን ዕለት ግን ታጥቦ እንደጨረሰ ደጅ ወጣና የባልንጀራውን ስም ጠራ።

«አቤት!» አለ ልጁ ከወዲያ ማዶ። ቀጥሎ የግቢያቸው በር ሲከፈት ሰማሁ፤ የእናቱም ድምፅ ተከተለ፦ «ሲስተር፣ ቡና እየፈላ ነው።»